ለቅኝት የተጠሩት አያ አረጋ

[ከላሊበላ በላይ ካለች ቀበሌ ወደ ከተማው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ። ወሩ ጥር ነው። ከፋለ ከፊት፣ አያ አረጋ ከኋላ ይሄዳሉ። ከፋለ ዱሮ ላሊበላ ውስጥ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ቱሪስት ሲጠፋ ባጃጁን ሸጦ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ያኔ ከእንግዳ የሰማው ሁሉ ግን ዛሬም ከአፉ አልጠፋም። አያ አረጋ ጎረቤቱ ናቸው። በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ። ነገር የሚገባቸው ዘግየት ብሎ ነው። በብብታቸው በነጠላ የተጠቀለለ ማሲንቆ ይዘዋል።]

ከፋለ፦ ባቲ ነው አልኩ፣ ባቲ።

አረጋ፦ እኔ ደግሞ አምባሰል ነው የምልህ።

ከፋለ፦ አያ አረጋ፣ እንግዳ የሚወደውን ከእኔና ከአንቱ ማን ያውቃል? እኔ በባጃጄ ጃፓን ጭኛለሁ። ጣሊያን ጭኛለሁ። አንድ ጊዜ ኖርዌይ ከነሚስቱ ጭኛለሁ። ሁሉም ባቲ ስከፍትላቸው አንገታቸውን ይወዘውዙ ነበር።

አረጋ፦ መንገዱ ነዋ።

ከፋለ፦ ምኑ?

አረጋ፦ የሚወዘውዛቸው። ያ የድንጋይ ንጣፍ። እኔንም አንድ ቀን ጭነኸኝ፣ ያለ ዘፈን ተወዝውዣለሁ።

ከፋለ፦ ለማንኛውም ባቲ ይምቱ።

አረጋ፦ እሺ። ግን ልጅቱ በስልክ ያለችህን እንደገና ንገረኝማ። ነገሩ ገና አልገባኝም።

ከፋለ፦ ስንቴ ልንገርዎት? ነጅሚያ እባላለሁ አለች። የጋሸና ልጅ ነች፣ አሁን የምትሠራው ወረዳው ውስጥ ነው። «ከቀበሌያችሁ ለቅኝት የሚሆን አንድ ሰው ይዛችሁልን ኑ፤ ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ሰውም የሚያምነው ይሁን» አለች። ይህን ሰምቼ ሌላ ማን ይታየኛል? ከዚህ እስከ ኩልመስክ ቅኝት የሚያውቅ ሰው አንቱ ብቻ ነዎት።

አረጋ፦ ከብት አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ አላልክም?

ከፋለ፦ ጠይቃለች።

አረጋ፦ ለዘፈን ከብት ምን ያደርጋል?

ከፋለ፦ ማሲንቆው በምን ነው የተለበጠ?

አረጋ፦ በፍየል ቆዳ።

ከፋለ፦ ክሩስ?

አረጋ፦ የፈረስ ጭራ ነው።

ከፋለ፦ እንግዲህ። መሣሪያው ቢበላሽ ከራሱ በረት አውጥቶ የሚጠግን ሰው ነው የፈለጉ። የተማረ ሰው ሲያቅድ እንዲህ ነው።

አረጋ፦ እኔ ፈረስ የለኝም።

ከፋለ፦ በቅሎ አለዎት።

አረጋ፦ የበቅሎ ጭራ አይዘፍንም። ሞክሬዋለሁ። [ጥቂት ይራመዳሉ] ደግሞ «ድንገት የሞተ ሲኖር ወዲያው የሚደውልልን» አለች ብለኸኛል።

ከፋለ፦ ለልቅሶ ነዋ። ቅኝት ለዳንኪራ ብቻ መሰለዎት? ሙሾም ቅኝት አለው፣ እንጉርጉሮም ቅኝት አለው። የሞተ ሲኖር አንቱ ይደውላሉ፣ እነሱ መጥተው ይቀርጻሉ።

አረጋ፦ በሰው ሐዘን ላይ?

ከፋለ፦ ጥናት ነው፣ አያ አረጋ። ጥናት ሐዘን አይመርጥም።

አረጋ፦ በግ ቢሞትም ይደውል ብላለች አልክ።

ከፋለ፦ [ይቆማል] በግ ያልኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ?

አረጋ፦ አንተ፣ እሷ አለች አልክ።

ከፋለ፦ እንግዲያው ለእረኛ ዜማ ነው። በግ የሞተበት እረኛ የሚያንጎራጉረው አለ።

አረጋ፦ እኔ በግ ሲሞትብኝ አልዘፍንም። ዝም ብዬ ነው የምበሳጭ።

ከፋለ፦ ካሁን በኋላ በዜማ ይበሳጩ። ናሙናም ይወሰዳል ብላለች።

አረጋ፦ ናሙና ደግሞ ምንድን ነው?

ከፋለ፦ ቅምሻ ማለት ነው። ከዘፈንዎ ቆንጠር አድርገው ይወስዱና አዲስ አበባ ያስመረምራሉ። ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ድንበር ይሻገራል። «ድንበር ተሻጋሪ» የሚለውን ቃል በራሴ ጆሮ ሰምቻለሁ።

አረጋ፦ ድንበር መሻገሩ ጥሩ ነው?

ከፋለ፦ ለዘፈን ከዚህ በላይ ምን አለ?

አረጋ፦ ልጅቱ ግን «ድንበር ሳይሻገር እዚሁ እንድንይዘው» ነው ያለች አልከኝ።

ከፋለ፦ [ያስባል] እንዳይሰረቅ ነው።

[ከሰዓት በኋላ፣ ያው መንገድ፣ አሁን ዳገት ሆኗል። አያ አረጋ ከፊት፣ ከፋለ ከኋላ። አያ አረጋ ከማሲንቆው በተጨማሪ አንድ ካርቶን ጓንት ታቅፈዋል።]

አረጋ፦ ሳቃቸው ግን የክፋት አልነበረም።

ከፋለ፦ አያንሱብኝ።

አረጋ፦ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲስቅ እኔ ባቲው ተወዶ መስሎኝ ነበር። ደግሜ መታሁት።

ከፋለ፦ አይቻለሁ።

አረጋ፦ ልጅቱ አልሳቀችም። ከየቀበሌው የተሰበሰበው ሁሉ ሲንከተከት፣ እሷ ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «አባቴ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እኛ የጠራንዎት ግን ለበሽታ ቅኝት ነው» አለችኝ። ያኔ ዞር ብዬ አየሁህ። ጣራውን ታያለህ።

ከፋለ፦ ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው። እኔ አንደኛውን ያዝኩ። ይህ ስህተት አይባልም፣ ምርጫ ነው።

አረጋ፦ ሁለተኛው ትርጉምስ ገብቶሃል?

ከፋለ፦ ገና ስትጀምር ነው የገባኝ።

አረጋ፦ እኔ ገና ነኝ። እየሄድን እያወራሁ ላስገባው። በሰው ላይ ከሚነሳው አዲስ በሽታ ብዙው መጀመሪያ ከእንስሳ ነው የሚመጣ አለች። አንዱ ከከብት፣ አንዱ ከውሻ፣ አንዱ ከዱር አውሬ፣ አንዱም ከሌሊት ወፍ። በሽታው ሲጀምር ትንሽ ነው፤ አንድ በረት፣ አንድ መንደር ነው የሚይዝ። ፍም ሳለ በእግር የሚረገጥ እሳት ጎተራ ከያዘ በኋላ አገር ተጠርቶም አይጠፋም አለች። የሐኪሞቹ ጭንቅ ፍሙን ሳያዩት መቅረታቸው ነው። ሐኪሙ ከተማ ነው ያለ፣ ፍሙ እዚህ ነው ያለ። ስለዚህ እዚህ ያለ ሰው ይይና ይደውል አለች።

ከፋለ፦ እኔም ይህን ልልዎት ነበር።

አረጋ፦ ኮሮናንም አነሳች። እሱም ከእንስሳ ሳይመጣ አይቀርም የሚሉ ብዙ ናቸው አለች፤ እርግጠኛ ነን ግን አላለችም። ያን ጊዜ አንተን አሰብኩህ።

ከፋለ፦ እኔን ለምን?

አረጋ፦ ባጃጅህን። ቱሪስቱ የቀረ በዚያ ጊዜ አይደል? አውሮፕላን ማረፊያው ባዶ ሆኖ፣ አንተ በየጠዋቱ ባጃጅህን እየወለወልክ በሯ ላይ ትቀመጥ ነበር። ሰው ባይኖርም ትወለውላት ነበር። በስተመጨረሻ ሸጥካት። እና አሰብኩ። አንድ የሆነ አገር ውስጥ፣ አንድ የእኔ ቢጤ ሽማግሌ፣ ገና ትንሽ ሳለ አይቶት ደውሎ ቢሆን ኖሮ ብዬ።

[ረዘም ላለ ጊዜ የእግራቸው ኮቴ ብቻ ይሰማል።]

ከፋለ፦ ሰማያዊ ነበረች።

አረጋ፦ አውቃለሁ።

ከፋለ፦ ታዲያ አሁን የቀበሌው የበሽታ ጠባቂ አንቱ ሆኑ?

አረጋ፦ ከእኛ ቀበሌ ሌላ የመጣ ሰው አጡ። ስልኳን ሰጠችኝ፣ ጓንትም ሰጠችኝ። የታዘዝኩት ሦስት ነገር ነው። ድንገት የታመመ ወይም የሞተ እንስሳ አይነካ፣ አይታረድ፣ ይደወል። ሦስቱን እስክይዝ አስደጋገምኳት።

ከፋለ፦ ከብቱማ አልቋል። ነገሩ እስኪገባዎት ድረስ ተቀብሮ፣ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ፣ ሣሩን ሌላ ከብት ግጦት ያበቃል።

አረጋ፦ ሊሆን ይችላል። ግን ለመደወል መግባት የለበትም አለችኝ። ገባኝ ያለ ሰው አይደውልም፣ ግራ የገባው ነው የሚደውል አለች።

[ከዚያ ቀን ወዲህ አያ አረጋ ስለ ሁሉም ነገር ደወሉ። ዶሮ ስታስነጥስ ደወሉ። የደሳለ በቅሎ ሁለት ጊዜ ስላዛጋች ደወሉ። የንጋት ድመት ጠፍታ ደወሉ፣ ስትመጣም ደውለው መምጣቷን ተናገሩ። መንደሩ «አያ ደውሌ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ስሙን ያወጣው ከፋለ ነበር። ነጅሚያ ግን አንድም ቀን አልተቆጣቻቸውም ይባላል።

አሁን የከፋለ ግቢ ነው፣ ማለዳ። ነገ የልጁ የይማርሽ ሠርግ ነው። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል። ለሠርጉ የተቀለበው ወይኖ የተባለው ሰንጋ በረቱ ደጅ አንገቱን ደፍቶ ይንቀጠቀጣል። አያ አረጋ ለሠርጉ እንዲስሉት የተሰጣቸውን ቢላዋ ይዘው ይገባሉ።]

ከፋለ፦ እንኳን መጡ። ይስጡኝ፣ አሁኑኑ ልረደው።

አረጋ፦ ሠርጉ ነገ አይደለም?

ከፋለ፦ በሬው ነገን አይጠብቅም። ከሞተ ጥንብ ነው፣ ከታረደ ሥጋ ነው። በመካከላቸው ያለው ቢላዋ ብቻ ነው።

አረጋ፦ ትናንት ሲግጥ አይቼው ነበር።

ከፋለ፦ ማታም ገብሱን በልቶ ነው የተኛ። ሌሊት ያገኘው ነገር ነው። ጠዋት ስመጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። በአፍንጫው የወጣውን ደም በእጄ ጠረግኩለት፣ አፉን ፈልቅቄ የፌጦ ውኃ አጠጣሁት። አልተሻለውም።

አረጋ፦ ደም ወጣው?

ከፋለ፦ ትንሽ ነው። ጠቆር ያለ። ነስር ነው፣ ከብርዱ ነው። ያ ኖርዌይ እንኳን ብርድ መትቶት ባጃጄ ውስጥ ነስሮት ነበር። ምንም አልሆነም።

አረጋ፦ ኖርዌዩን አረድከው?

ከፋለ፦ ምን ማለትዎ ነው?

አረጋ፦ አላረድከውም። እንግዲያው ይኸንንም ተወው።

ከፋለ፦ አያ አረጋ፣ የቀልድ ቀን አይደለም። ቢላዋውን ይስጡኝ።

አረጋ፦ [ቢላዋውን አገላብጠው እያዩ] አልተሳለም። የመሳያው ድንጋይ እጉብታው ላይ ነው ያለ።

ከፋለ፦ ይፍጠኑ እንግዲያው።

[አያ አረጋ ቢላዋውን እንደያዙ ከግቢው በላይ ወዳለው ጉብታ ይወጣሉ። ጉብታው ላይ የመሳያ ድንጋይ አለ። የስልክ መስመር የሚገኘውም እዚያው ብቻ ነው። ከፋለ ከታች አንጋጦ ይጠብቃል።]

አረጋ፦ [በስልክ] ነጅሚያ፣ እኔ ነኝ … አይ፣ ድመቷ ደህና ናት። ዛሬስ የከፋለ ሰንጋ ነው … ሳል? ኧረ አልሳለም።

ከፋለ፦ [ከታች] እስካሁን አልሳሉም?

አረጋ፦ [ወደ ታች] እኔ ደህና ነኝ። ምንም አያስለኝም።

ከፋለ፦ ቢላዋውን ነው የምል።

አረጋ፦ [በስልክ] አንዴ ቆይ ልጄ፣ ቢላዋው ያስለው እንደሁ እየጠየቀኝ ነው … አዎ፣ ደም ወጥቶታል፣ በአፍንጫው … ጥቁር … አይ፣ አልታረደም … ቢላዋው? ቢላዋው ከእኔ ጋር ነው።

ከፋለ፦ ከአንቱ ጋር መሆኑንማ አውቃለሁ። ይዘውት ይውረዱ እንጂ።

አረጋ፦ [በስልክ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ] አዎ። በእጁ ነክቶታል … አፉንም ከፍቷል … እሺ። እሺ ልጄ። እስክትመጡ አልሰጠውም።

[አያ አረጋ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። በረቱ ደጅ ሲደርሱ ሰንጋው በጉልበቱ ይንበረከካል፣ በጎኑም ይወድቃል። ከፋለ ሊጠጋ ሲል አያ አረጋ ዱላቸውን በፊቱ ያጋድሙበታል።]

አረጋ፦ አትንካው።

ከፋለ፦ ሞተ?

አረጋ፦ ሞቷል።

ከፋለ፦ [ዳሱ ምሰሶ ሥር ቁጭ ይላል] ከጋሸና ሰው ይመጣል፣ አያ አረጋ። ከላሊበላም ይመጣል። የሙሽራው አባት ከነዘመዶቹ ይመጣል። ስንት ወር ሙሉ ወይኖን አርጄ አበላችኋለሁ ስላቸው ከርሜ፣ ነገ ፊታቸው ምን ይዤ ልቁም?

አረጋ፦ ይኸን ብታበላቸው ምን ይዘው ይመለሱ ነበር?

ከፋለ፦ ምኑን አወቁ? ምናልባት ብርድ ነው።

አረጋ፦ ምናልባት ነው። አላወቅኩም። ልጅቱም ገና አላወቀችም፣ አይታ ነው የምታውቅ። አንተ ነህ የምታውቅ። አንተ ደግሞ ቅኝትንም አውቀኸው ነበር።

[ከፋለ የሰንጋውን ጀርባ ያያል።]

ከፋለ፦ ቆዳውን ብቻ እንኳን …

አረጋ፦ ቢላዋው ከእኔ ጋር ነው።

[አያ አረጋ ውሻና አሞራ እንዳይጠጋ ዱላቸውን ተመርኩዘው በረቱ ደጅ ተቀመጡ። ከፋለም እጁን በሳሙና ታጥቦ ሲያበቃ መጥቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ነጅሚያ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር በሞተር ብስክሌት ስትደርስ ያገኘቻቸው እንዲሁ እንደተቀመጡ ነው።

ጊዜው አለፈ። ሠርጉም አለፈ። አሁን የከፋለ ቤት ደጅ ነው፣ ጠዋት። ከፋለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። አያ አረጋ እንደ ሰሞኑ ልማዳቸው ይመጣሉ።]

አረጋ፦ እንዴት አደርክ? እንቅልፍ ወሰደህ?

ከፋለ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ። ዛሬ ምን ልንገርዎት?

አረጋ፦ ያሻህን። እጅጌህን ሰብሰብ አድርገው፣ ፀሐዩ ክንድህን ያግኘው።

ከፋለ፦ [እጅጌውን እየሰበሰበ] አንቱ ሰውዬ ሰሞኑን ደስ እያሉኝ ነው። ከሠርጉ ወዲህ አንድም ጠዋት አልቀሩብኝም። ባለቤቴ ባንችይርጋ እንኳን «ምነው አያ አረጋ በረቱብህ» ትለኛለች። ሰው ሲማር እንዲህ ነው አልኳት። በእርጅናም ቢሆን ማወቅ ከፈለጉ አዋቂ ዘንድ መመላለስ ነው።

አረጋ፦ ቀኝህን አየሁት። ግራህንም ሰብስበው።

ከፋለ፦ ስለ ሠርጉ ሰው ምን ይላል?

አረጋ፦ ያው ነው። ምስር ወጡ ጥሩ ነበር ይላል።

ከፋለ፦ እኔ እኮ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ዳሱ ውስጥ ገብቼ እውነቱን ተናገርኩ። ወይኖ ታሞ ሞቷል፣ ሐኪሞቹ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው ኖራ አልብሰው አስቀብረውታል፣ የማበላችሁ ምስርና ሽሮ ነው አልኳቸው። የሙሽራው አባት ተነሣ። በቃ ልጁን ይዞ ሊሄድ ነው አልኩ። ሰውየው መጥቶ እጄን ሊጨብጠኝ ነው ለካ። «ሰው ቤት ሄጄ ሥጋ ብዙ ጊዜ በልቻለሁ፤ በሬው እንዴት እንደሞተ የነገረኝ ግን አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። ይማርሽ አለቀሰች። እኔም ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

አረጋ፦ ከዚያ ንጋት ሁለት ዶሮ ሠርታ አመጣች፣ ደሳለም አመጣ።

ከፋለ፦ አመጡ። ዶሮ ወጡም ለሁሉ ደረሰ። ምርመራው ሲመጣ ግን አባ ሰንጋ ነው ተባለ። መጀመሪያ ነጅሚያ ስትነግረኝ ሰንጋ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፣ የራሴ ሰንጋ ነው አልኳት። ሥጋውን የበላም፣ የገፈፈም ሰው ይታመም ነበር፤ ሊሞትም ይችል ነበር አለችኝ። ያን ሁሉ ሰው አሰብኩት። ይማርሽን አሰብኳት፣ ከነቬሏ። ዕድል ነው የረዳኝ።

አረጋ፦ የመንደሩም ከብት ተከተበ። ከዚያ ወዲህ የሞተ የለም።

ከፋለ፦ የለም። ይኸ ሁሉ የሆነው ለምን መሰለዎት? እኔ ያን ቀን ተረጋግቼ ስለጠበቅኩ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቸኩሎ ያርደው ነበር።

አረጋ፦ [ክንዱን በአትኩሮት እያዩ] ልክ ነህ። ቢላዋ ያለው ሰው ያርደው ነበር። ያሳክክሃል?

ከፋለ፦ ምኑ?

አረጋ፦ ቆዳህ።

ከፋለ፦ ምን ያሳክከኛል? ጤና ጣቢያ ሄጄ የሰጡኝን ክኒን እኮ ውጬ ጨርሻለሁ። ለጥንቃቄ ነው ብለውኛል፣ ረስቼዋለሁ።

[የአያ አረጋ ስልክ ይጠራል። ጉብታው ድረስ ሳይወጡ የከፋለ በርጩማ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቢቆሙ ድምፅ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ሰሞኑን ደርሰውበታል። ድንጋዩ ላይ ይወጣሉ።]

አረጋ፦ [በስልክ] ደህና አደርሽ ነጅሚያ … አዎ፣ አሁን ከፊቴ ነው ያለ። ደህና አድሯል … ይበላል … ውኃም ይጠጣል፣ ጠላም ሲያገኝ ይጠጣል … አይ፣ ትኩሳት የለውም … ቆዳው ላይ ምንም አልወጣም። ቁስልም የለ፣ ጥቁር ነገርም የለ። ሁለቱንም ጎን አይቻለሁ … ድምፁ? ድምፁስ እንዳለ ነው።

ከፋለ፦ [ዝቅ ባለ ድምፅ] የደሳለ በቅሎ ናት?

[አያ አረጋ በእጃቸው ቆይ ይሉታል።]

ከፋለ፦ ወንድ ነው መሰል። ከወይኖ ጋር የዋለ እንስሳ እንደሁ አይታመንም፣ ይንገሯት። እንዲህ ያለውን መልቀቅ ጥሩ አይደለም። ከሰው ለይቶ ማሰር ነው።

አረጋ፦ [በስልክ] ከሰው ተለይቶ ይታሰር የሚል ሐሳብ አለ።

ከፋለ፦ ገብስም ጠላም መከልከል ነው። ጠላ የሚያጠጣውን ባለቤት ደግሞ ይገሥጹልኝ። ለከብት ጠላ ይሰጣል?

አረጋ፦ [በስልክ] ጠላም ይከልከል ይላል።

ከፋለ፦ ብዙ የሚጮህ እንደሁ አፉን መለጎም ነው። እኔ በዚህ አላፍርም፣ የእኔ ሐሳብ ነው ብለው ይንገሯት።

አረጋ፦ [በስልክ] አፉም ይለጎም ይላል። ራሱ ነው ያለ … [ረዘም አድርገው ያዳምጣሉ] እዚህ ድረስስ አያስፈልግም ትላለች።

ከፋለ፦ ልጅ ናት፣ ትራራለች። የማን ነው ግን እንስሳው?

አረጋ፦ የባንችይርጋ።

ከፋለ፦ የእኔዋ ባንችይርጋ? ወይኖ ከሞተ በኋላ እሷ ከእኔ በቀር ምን አላት?

[ከፋለ የተሰበሰበ እጅጌውን ያያል። ቀጥሎ አያ አረጋን ያያል። አያ አረጋ ከድንጋዩ ወርደው ስልኩን ያቀብሉታል።]

አረጋ፦ እንካ። የአንተ ክትትል ዛሬ ያበቃል፣ የመጨረሻውን ከራሱ ልስማ ብላለች።

[ከፋለ ስልኩን ይቀበልና ቀስ ብሎ ድንጋዩ ላይ ይወጣል።]

ከፋለ፦ [በስልክ] አቤት … አዎ፣ ከፋለ ነኝ … [ስልኩን በእጁ ሸፍኖ፣ ወደ አያ አረጋ] ዛሬ ጠዋት በልቷል ወይ ትላለች።

አረጋ፦ ንገራት እንጂ።

ከፋለ፦ [በስልክ፣ እጅጌውን እየመለሰ] … በልቷል።